ቁልቁል ወደ 1928

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ይዞ በቆየባቸው አምስት ዓመታት የተፈጸመውን በእግር እየተዘዋወረ ለማየት የሚነሣ ጎብኚ ገና ከመነሻው አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ይኸውም መንገዱና ዘመኑ በአንድ አቅጣጫ የማይሄዱ መሆናቸው ነው። ለዚህ ጉብኝት ከሚመረጡት መንገዶች የተሻለው ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ በአራት ኪሎ አልፎ፣ ወደ ጥንቱ አራዳ ተሻግሮ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ለገሃር የሚወርደው ሲሆን፣ የሚመረጥበትም ምክንያት ከታሪክ ይልቅ ከሳንባ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረች ከተማ ግማሽ ቀን ሙሉ ሽቅብ እየወጣ ታሪክ የሚያዳምጥ ሰው በቀላሉ አይገኝምና። ሆኖም በዚህ መንገድ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የ1929 ዓ.ም. እልቂትን፣ ቀጥሎ የ1933ን ነፃነት፣ ከዚያ የሐምሌ 1928ን የጳጳስ ግድያ፣ በመጨረሻም የሚያዝያ 1928ን የንጉሠ ነገሥቱን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስደት ነው። ቁልቁለቱ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ አራት ኪሎ ላይ ብቻ ዘመኑ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ይዘልና ተመልሶ ይወርዳል።

ወደ መንገዱ ከመግባት በፊት ስለ ዘመኑ መጠሪያ ጥቂት ማለት ይገባል። ዘመኑን የኖሩ ሰዎች «በጠላት ጊዜ» ወይም «በጣልያን ጊዜ» ይሉታል እንጂ «በቅኝ ግዛት ዘመን» አይሉም፤ ምክንያቱም በከተማዎችና በዋና ዋና መንገዶች ላይ የሠፈረው ኃይል ገጠሩን አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ እንዳልገዛው፣ አርበኞችም ከጫካ እንዳልወጡ የሚያውቅ ትውልድ፣ ያልተጠናቀቀን ወረራ ግዛት ብሎ መጥራት ለጠላት መመስከር ሆኖ ይታየው ነበር። «አርበኛ» ራሱ ቀድሞ በውጊያ የታወቀ ጀግናን ያመለክት የነበረ ቃል ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ግን ለወራሪው አልገዛም ብሎ በረሃ የገባ ተዋጊ መጠሪያ ሆኗል። «ባንዳ» ደግሞ በጣልያንኛ ከአገሬው ሰው የተመለመለ፣ ከመደበኛው ጦር ውጪ የሚሰለፍ ጭፍራ ማለት ነበር፤ ወደ አማርኛ የገባው የጭፍራነት ትርጉሙን ጥሎ የከሐዲነቱን ብቻ ይዞ ነው። ተራውን የኢጣሊያ ወታደር «ሶላቶ» የሚለውም ስም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ድንጋይና ነሐስ የሚያሳይ አስጎብኚ እነዚህን ቃላት ሳይፈታ ቢያልፍ ከጉብኝቱ ግማሹን እንዳስቀረ ይቆጠራል።

የጉብኝቱ መነሻ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ወራሪው ጦር ከተማዋን ከያዘ በኋላ የኢጣሊያ ንጉሥ እንደራሴ፣ ማለትም በንጉሡ ስም አገሩን እንዲያስተዳድር የተሾመው ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ መቀመጫውን ያደረገው በዚህ ግቢ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት፣ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ወለደ ለደስታው መግለጫ እንዲሆን ግራዚያኒ ለከተማዋ ድኾች የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ማለትም በኦስትሪያዊቷ ንግሥት ምስል የተቀረጸውንና በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ ይሠራበት የነበረውን የብር ገንዘብ፣ እንደሚያድል ተነግሮ ነበር። ዕለቱ የወር በዓሉ ቅዱስ ሚካኤል ስለሆነ ምጽዋት የሚጠብቅ ሰው በጠዋት መውጣቱ የተለመደ ነው፤ በዚያን ቀንም ዐይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ ልጅ ያዘለችው እናት ሳይቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ችግረኞች በግቢው ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ከኤርትራ የመጡት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከሕዝቡ መካከል ሆነው መኳንንቱና ሹማምንቱ ወደ ቆሙበት ደረጃ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ብዙ ቦታ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አውሬሊዮ ሊዮታ እግሩን አጣ፤ ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ቄርሎስም ከቆሰሉት መካከል ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶች ከግቢው ወጥተው፣ ስምዖን አደፍርስ በመኪና ይዟቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ አቅጣጫ ተሰወሩ።

ቀጥሎ የሆነውን ለማስረዳት አስጎብኚዎች ዘወትር ጎብኚውን ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ጀርባውን ወደ አደባባዩ አድርጎ ያቆሙታል፤ ይህም የሚያስመሰግን ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ሰዓት የነበረው ሰው ችግር በትክክል ይኸው ነበር፤ ፊት ለፊቱ ተኳሽ፣ ከኋላው የተዘጋ በር። ካራቢኔሪ የሚባሉት፣ የወታደርነትና የፖሊስነት ሥራ አጣምረው የሚሠሩት የኢጣሊያ ታጣቂዎች፣ ከሌሎች ወታደሮች ጋር ሆነው መሣሪያቸውን ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ አዞሩ። ከግቢው ውጪ ደግሞ ጉይዶ ኮርቴሴ የተባለው የፋሺስት ፓርቲው የከተማዋ ኃላፊ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ለሦስት ቀን የፈለጉትን እንዲያደርጉ ፈቃድ ሰጠ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ የሚባለው ከመደበኛው ጦር የተለየ፣ ለፓርቲው የቆመ ሚሊሺያ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በመንገድ ሥራና በልዩ ልዩ ሙያ የተሰማሩ ሲቪል ኢጣሊያውያንም አካፋና ዱላ ይዘው ተቀላቅለውታል። ቤንዚን የተርከፈከፈባቸው የሣር ክዳን ጎጆዎች ነዋሪዎቻቸው በውስጣቸው እንዳሉ ተቃጠሉ፤ ከእሳቱ ሸሽቶ የወጣው በደጅ ተገደለ፤ ሬሳ በጭነት መኪና ተግዞ በጅምላ ተቀበረ፤ ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ የተጣለውም ብዙ ነው። እሑድ የካቲት 14 ቀን ግድያው እንዲቆም ትእዛዝ ቢወጣም፣ እስራቱና የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለዩ መረሸኑ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል፤ ከሞት የተረፉት መኳንንትና ቤተ ሰቦቻቸው ወደ ኢጣሊያ ደሴቶች ተጋዙ፤ ሌላው እስረኛ ሶማሊያ ውስጥ ወደሚገኘው የዳናኔ ማጎሪያ ወረደ።

በዚህ ቦታ ላይ አስጎብኚና ጎብኚ ብዙ ጊዜ በቁጥር ይከራከራሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟች ቁጥር 30,000 ሲሆን፣ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠናውና በ2009 ዓ.ም. መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ኢያን ካምቤል ማስረጃዎቹን አገናዝቦ በሦስቱ ቀናት የተገደለውን ሕዝብ 19,000 ያህል አድርሶታል። አንዳንድ ጎብኚ ሁለተኛውን ቁጥር ሲሰማ የተሸረፈበት ይመስለዋል፤ ግን እንዲያ ማሰቡ ተገቢ አይደለም። በካምቤል ስሌት እንኳ ከከተማዋ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ገደማ በሦስት ቀን ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ደግሞም የእርሱ ቁጥር ክብደት የሚያገኘው ከመብዛቱ ወይም ከማነሱ ሳይሆን ምስክር ከምስክር ጋር እየተነጻጸረ የተሠራ በመሆኑ ነው። ከምስክሮቹ መካከል ሃንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ፣ ያየውን ሁሉ በዕለት ማስታወሻው ያሰፈረው ኢጣሊያዊው ጋዜጠኛ ቺሮ ፖጃሊ፣ ከኢትዮጵያውያንም በሕይወት ተርፎ ታሪኩን የጻፈው ተመስገን ገብሬ ይገኙበታል። በተለይ የፖጃሊ ማስታወሻ ጠቀሜታው የጎላ ነው፤ ከገዳዮቹ ወገን የቆመ ሰው በጋዜጣው ሊያወጣው የማይችለውን ለራሱ ጽፎ አስቀምጧልና።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት በአደባባዩ መካከል የቆመው የሰማዕታት ሐውልት በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ ቀራጮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ሰዎች ናቸው። እነርሱም በፋሺስት ወረራ ካለፈ አገር የመጡ እንደ ነበሩ ማስታወስ ነሐሱን ለማንበብ ይረዳል፤ በሐውልቱ ዙሪያ ጎልቶ በወጣ ቅርጽ የተሠሩት ምስሎች ግድያውንና ለቅሶውን ያሳያሉ እንጂ ድልን አያሳዩም። የሚያሳዝነው ግን ሐውልቱ በመኪና ጎርፍ የተከበበ በመሆኑ ብዙ ሰው ምስሎቹን በቅርብ አይቷቸው አያውቅም፤ በታክሲ መስኮት የሚያየው ጫፉን ነው። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን አርበኞች የነሐስና የብር ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ አንዳንዶቹም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው የአበባ ጉንጉን ሲያኖሩ ብቻ አደባባዩ ለእግረኛ ይከፈታል፤ የሜዳሊያ ለባሹ ቁጥር ደግሞ ከዓመት ዓመት ሳስቶ ዛሬ ጎፈሩን የሚደፉት አብዛኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ሆነዋል።

በግቢው ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ ሕንፃ አጠገብ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣልያኖች የሠሩት ይህ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ከየትኛውም ቤት ጋር አይገናኝም፤ እያንዳንዱ ርካብ ፋሺስቶች በ1915 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደ ሮም ዘምተው ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ ያለፈውን አንድ ዓመት እንዲወክል የታነጸ ነውና። እዚህ ላይ «የፋሺስት ዘመን» የሚባለውን አቆጣጠር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የሙሶሊኒ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት ከሚቆጠረው ዓመት ጎን ለጎን ከዚያ ዘመቻ የሚነሣ የራሱን ዓመት በሮማውያን ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ በዚህም አቆጣጠር የየካቲት 12 እልቂት የተፈጸመው በ15ኛው ዓመት ነው። ደረጃው በየዓመቱ አንድ ርካብ እያደገ የሚሄድ፣ መጨረሻ የሌለው ሥራ እንዲሆን የታሰበ ይመስላል። ነገር ግን ዘመኑ ሲቋረጥ ደረጃውም ቆመ፤ ከነፃነት በኋላም በመጨረሻው ርካብ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ማፍረስ ይቻል ነበር፤ አለማፍረሱና አንበሳ መጫኑ ግን ከማፍረስ የበለጠ ብልኅነት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሰምና ወርቅ የሚለውን ነገር በሲሚንቶ ለማየት ከፈለገ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግረዋል። ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች ፎቶግራፍ የሚነሡበት ቦታ በመሆኑ ርካቦቹ በጫማ ብዛት ጠርዛቸው ለስልሷል።

ከግቢው ከመውጣት በፊት ከጦርነቱ ዘመን ውጪ የሆነ፣ ግን ሊታለፍ የማይገባ አንድ ክፍል አለ። በወረራው ዋዜማ የአዲስ አበባን ፖሊስ ይመሩ የነበሩት፣ ከተማዋ ስትያዝ ወደ በረሃ ወርደው በሸዋ አምስቱን ዓመት ሳይበገሩ የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ከሌሎች መኳንንትና ሚኒስትሮች ጋር ታግተው የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቀጣዩ ዓመት ግቢውን ለዩኒቨርሲቲነት ሰጡት። ጣልያን ሊይዛቸው ያልቻለውን አርበኛ የገዛ አገራቸው ሰው በግራዚያኒ የቀድሞ መቀመጫ ውስጥ እንደ ገደላቸው መናገር የጠላትንና የወገንን ድንበር አጥርቶ ለማቅረብ የተዘጋጀውን የጉብኝት ትረካ ያናጋዋል፤ ብዙ አስጎብኚዎችም ስለዚህ ይመስላል በፍጥነት የሚያልፉት።

ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ የሚወርደው ጎዳና አራት ኪሎ ሲደርስ ሌላ ሐውልት ያቀርባል፤ ይኸውም የሚያዝያ 27 አደባባይ ሐውልት ነው። ይህ ቀን በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ፒዬትሮ ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ፤ በአምስተኛ ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የራስ አበበ አርበኞች በተሰለፉበት በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማዋ ተመለሱ። መገጣጠሙ የአጋጣሚ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን የያዘው አንድ ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት 28 ሲሆን፣ ጄኔራል አለን ከኒንግሃም በከተማዋ ስላሉት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ደኅንነት ሰግቶ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲዘገዩ አድርጓል፤ መዘግየቱ ካልቀረ ግን የመግቢያው ዕለት ጠላት ከገባበት ዕለት ጋር እንዲገጥም መደረጉ ቀኑን ራሱን ከወራሪው እጅ የመንጠቅ ያህል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዕለት ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ ብለዋል። ይህ ቃል በከተማዋ በሰፊው ተጠብቋል፤ ከየካቲት 12 በኋላ አራት ዓመት ብቻ ያለፈ መሆኑን ያሰበ ሰው የቃሉን ክብደት አይስተውም።

ከአደባባዩ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግንባታው በወረራው ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ የተጠናቀቀ ነው። በቅጥሩ የብዙ አርበኞች መቃብር አለ፤ በመካከላቸው የእንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብርም ይገኛል። እኒህ ሴት ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት በለንደን ያሳትሙት የነበረው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም የወጣው ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከብዙ መጉላላት በኋላ በ1993 ዓ.ም. በዚሁ ካቴድራል ዐፅማቸው አርፏል።

ከአራት ኪሎ በራስ መኰንን ድልድይ ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ የሚደረስበት ሰፈር ጥንት አራዳ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም የሚጠራው ግን ፒያሳ ብሎ ነው። ለጦርነቱ ትዝታ ከሐውልቶቹ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ የስም ነገር ነው። ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ፣ መርካቶ ገበያ ማለት ሲሆን፣ መርካቶ የተፈጠረው ኢጣሊያውያን የነጭና የጥቁር መኖሪያ ይለይ በሚለው ፖሊሲያቸው በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን የአራዳ ገበያ ነቅለው የአገሬውን ነጋዴ ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ ነው። ካዛንቺስ «ካሳ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ ኢንቺስ የሚሉት አምስት የላቲን ፊደላት ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የኢጣሊያ ተቋም ስም ምሕፃር ናቸው። ፖፖላሬም እንዲሁ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ኢጣሊያውያን ከተሠሩት «የሕዝብ ቤቶች» ስሙን ያገኘ ሰፈር ነው። ኢኛሲዮ ጉይዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት መሐንዲሶች ለአዲስ አበባ የነደፉት ታላቅ ፕላን አብዛኛው በወረቀት ላይ ቀርቷል፤ ከፕላኑ በላይ የዘለቀው ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈው ስም ነው። አምስት ዓመት ብቻ የቆየ ጠላት የሰጠውን ስም ሰማንያ ዓመት ሙሉ ያለ ቅሬታ መጥራት የመርሳት ምልክት ነው የሚሉ አሉ። ይሁንና ስሙ የተወሰደው ተሰባብሮ፣ ተቆራርጦ፣ ኢንቺስ «ንቺስ» ሆኖ፣ ባለቤቱ ሰምቶ በማይለየው ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር መርሳት ብሎ ለመጥራት ይቸግራል።

ግድግዳው ግን እንደ ስሙ አልጸናም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የካዛንቺስ ሰፈር ጎዳናዎችን ለማስፋት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያት በብዛት ፈርሰዋል። በዚህም የተነሣ አስጎብኚው ድሮ በጣት እያመለከተ ያሳየው የነበረውን ዛሬ በእጁ አየር ላይ እየሠራ ያስረዳል፤ «እዚህ በረንዳ ነበር፣ ይህ የእንጨት ደረጃ ነበር» ይላል፤ ጎብኚውም አዲስ የተነጠፈውን የእግረኛ ድንጋይ እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

የጊዮርጊስ ካቴድራል ዓድዋ ላይ ለተገኘው ድል መታሰቢያ በመሆኑ በየካቲት 12 ቀን የበቀል ዒላማ ሆኗል፤ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በነዳጅ አቃጥለውት ውስጡ ተጎድቶ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ታድሷል። ከፊቱ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ደግሞ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ሲሆን፣ ጣልያኖች ሕዝቡ እንዳያይ በሌሊት ነቅለው ቀበሩት። በፈረስ ላይ የተቀመጠ የነሐስ ንጉሥ በቀን ለመንቀል አለመድፈራቸው ዓድዋ አርባ ዓመት አልፎትም ምን ያህል ይከነክናቸው እንደ ነበር ያመለክታል። ነፃነት ሲመለስ ሐውልቱ ተቆፍሮ ወጥቶ በቦታው ተተከለ፤ ዛሬ ከጎኑ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው ሰፊው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል።

ከዚያ ጥቂት እልፍ ሲሉ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል፤ የጉብኝቱ ዘመንም እዚህ ላይ ወደ ሐምሌ 1928 ይወርዳል። ከተማዋ በተያዘች በሦስተኛው ወር የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ሽማግሌው ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ በየአቅጣጫቸው ተንቀሳቅሰው አዲስ አበባን ከወራሪው ለማስለቀቅ ሐምሌ 21 ቀን ጥቃት ከፈቱ። ክረምቱ ወንዞችን ሞልቶ፣ በጦሮቹ መካከል መገናኛ ጠፍቶ፣ አንዱ ሲደርስ ሌላው ዘግይቶ ሙከራው ከሸፈ። በጉዳዩ እጃቸው አለበት የተባሉት አቡነ ጴጥሮስ በማግሥቱ ለችኮላ ፍርድ ቀረቡ፤ አርበኞቹን አውግዘው ለኢጣሊያ እንዲገዙ ሕዝቡን እንዲመክሩ ቢጠየቁም እምቢ ስላሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ኅሊናቸውን በዚያች ሰዓት ለማየት የሞከረው የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተሰኘ ተውኔት ለብዙ ኢትዮጵያዊ ከታሪክ መጻሕፍት ቀድሞ የደረሰ ምስክር ነው። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ከመሬት በታች ለሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር ሲባል ተነሥቶ በ2008 ተመልሷል፤ ሲነሣ እጃቸው በሰንሰለት የታሰረውን ጳጳስ በመኪና ተጭነው ሲሄዱ ያዩ አንዳንድ ምእመናን አልቅሰዋል። አስጎብኚዎች ይህን መነሣትና መመለስ ከምኒልክ ሐውልት መቀበርና መውጣት ጋር እያነጻጸሩ ይናገሩታል፤ ንጽጽሩ ግን ብዙ አያስኬድም፤ አንዱ ለማጥፋት፣ ሌላው ለባቡር ማለፊያ ነበርና።

ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ያለው የቸርችል ጎዳና ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው፤ የስሙም ምንጭ ከነፃነት በኋላ ያለው ዘመን ነው። ለገሃር የሚለው ስም እንደ ፒያሳ የጣልያን ሳይሆን በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ከጅቡቲ የተነሣውን የባቡር ሐዲድ የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው። በዚሁ ሐዲድ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ ሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት በተደረገው ምክር አብዛኛው መኳንንት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት እንዲሉ መውጣታቸውን ሲደግፍ፣ እነ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት አጥብቀው ተቃውመዋል፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ጦር ሜዳ ይሞታል እንጂ አገር ጥሎ አይወጣም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከባቡሩ መሄድ እስከ ባዶሊዮ መግባት ባሉት ሦስት ቀናት ከተማዋ ያለ መንግሥት ቀርታ ሱቆች ተዘረፉ፤ የአራዳም ብዙ ክፍል ተቃጠለ። ይህ ክፍል በጉብኝት ላይ እምብዛም አይነገርም፤ ያቃጠለው ጠላት አልነበረምና።

ከጣቢያው ፊት የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳም በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ የቆመ የፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። ጣልያኖች ወስደው ሮም ውስጥ፣ እዚያም በባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለተደመሰሱት ወታደሮቻቸው መታሰቢያ በተሠራው ሐውልት ሥር አኖሩት፤ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸልዮ ጎራዴውን መዘዘ፤ ተይዞም ታሰረ። ዘርዓይ ከእስር ሳይወጣ በኢጣሊያ ምድር ሲሞት፣ አንበሳው ግን ከነፃነት በኋላ ሌላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህ ከጣቢያው የሚሳፈር የለም። ጉብኝቱ «የጠላት ጊዜ» በጀመረበት በዚህ ቦታ ላይ ያበቃል፤ ጎብኚዎቹም የደከመ እግራቸውን አንበሳው ሥር ዘርግተው ጥቂት ካረፉ በኋላ ወደ መጡበት ለመመለስ መንገድ ይሻገራሉ፤ የታክሲው ረዳት ከበሩ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ! ፒያሳ በአምስት ሰው!» እያለ ይጣራል።